አየር ጤና፣ አንድ ሰው የቀረው!

አዲስ አበባ ውስጥ በስማቸው የሚያሾፉብን ሰፈሮች አሉ። ከሁሉም የሚብሰው ግን የእኛው ነው፤ አየር ጤና። ጠዋት ሜክሲኮ ወይ ጦር ኃይሎች ታክሲ የጠበቀ ሰው ያውቀዋል። ወያላው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አየር ጤና! አየር ጤና! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል፣ ሚኒባሱ ደግሞ በማርሚታው ጥቁር ጭስ እየተፋ ሰልፈኛውን ያጥናል። ከሰፈሩ ብዙም ሳይርቅ ቆሼ አለ። የከተማዋ ቆሻሻ ለአሥርት ዓመታት የተከመረበት፣ ውስጥ ውስጡን ሲጨስ የኖረ ተራራ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰው የገደለው እሱ ነው። እንግዲህ በዚህ መሃል ተቀምጠን ነው «አየር ጤና» የምንባለው።

እዚሁ ነው ተወልጄ ያደግኩት። አሁን ሶፍትዌር እየጻፍኩ ነው የምኖረው። «የአየር ብክለት» የሚለውን ቃል ስሰማ ግን ቶሎ የሚመጣብኝ ቆሼም አይደለም፣ ሚኒባስም አይደለም። የፋብሪካ ጭስ ማውጫም አይደለም። የሚመጣብኝ አክምባሎ ነው። የእማዬ ማድ ቤት።

*

እማዬ እንጀራ ጋግራ ለሱቅና ለምግብ ቤት ታስረክባለች። የምንኖረው የቀበሌ ቤት ነው። አራት ቤተሰብ በአንድ ግቢ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ የጋራ ማድ ቤት። ማድ ቤቱ በቆርቆሮ የተሠራ፣ መስኮት የሌለው፣ ጣሪያው ከጥላሸት ብዛት ቀለሙ የማይለይ ነው። በሳምንት አራት ቀን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ትነሳና እሳት ታነዳለች። ምጣዱ ሲግል በጎመን ዘር ታስሰዋለች፣ የምጣድ ማሟሻዋን ትጋግራለች፣ ከዚያ በቃ እስኪነጋ ማረፍ የለም። ሊጡን እያዞሩ ማፍሰስ፣ አይኑ ሲወጣ አክምባሎ መክደን፣ በሰፌድ ማውጣት፣ ደግሞ ማፍሰስ።

እሳቱ ሲቀንስ ጎንበስ ብላ «እፍ» ትላለች። ያቺ «እፍ» ናት ጉዱ ያለባት። እፍ ያለ ሰው ወዲያው መልሶ አየር መሳቡ ግድ ነው፤ የሚስበው ደግሞ ፊቱ ላይ ያለውን ነው።

ሳሉ ሲጀምራት «ብርድ ነው» አለች። ክረምቱ ሲያልፍ «አቧራ ነው» አለች። ከታክሲ ወርዳ ወደ ቤት የምትወስደውን አጭር ዳገት ስትወጣ ሁለት ጊዜ ማረፍ ስትጀምር ግን እጇን ይዤ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ምናልባት በእኔ ዕድሜ።

«እናቴ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?»

እማዬ ሳቀች። «እኔ? ኧረ በስመ አብ! የማነሽ አንቺ!»

«በእንጨት ነው የሚጋግሩት?»

«ታዲያ በምን ልጋግር?»

«ስንት ዓመት ሆነዎት?»

እማዬ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። ዓመት የምትቆጥረው በእኔ ዕድሜ ነው። «ይሄ ልጅ ሳይወለድ ነው የጀመርኩት» አለች።

ሐኪሟ ዝም ብላ ጻፈች። በኋላ ረጋ ብላ አስረዳችን። የአየር ቧንቧዎቿ ጠብበዋል፤ ለብዙ ዓመት ሲጋራ ያጨሰ ሰው ላይ የሚታየው ዓይነት ሕመም ነው፤ ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ግን በእንጨትና በከሰል ሲያበስሉ የኖሩ ሴቶች ላይ በብዛት ይታያል። የተጎዳው ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ እንዳይብስ ማድረግ ግን ይቻላል። «ከጭሱ ይራቁ» አለቻት። መድኃኒትም ጻፈችላት፤ በአፍ የሚሳብ።

ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ እማዬ ምን እንዳለችኝ ልንገራችሁ። «ከጭሱ ራቂ አለችኝ እኮ። ከእንጀራዬ ራቂ ማለቷ ነው።»

*

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኔን ያስተማረኝ ያ ጭስ ነው። አምስት ዓመት ምህንድስና ስማር የኪስ ገንዘቤ፣ የፎቶ ኮፒዬ፣ የክረምት ትራንስፖርቴ፣ በመጨረሻም ሁለተኛ እጅ የተገዛችው ላፕቶፔ የመጡት ከዚያ ማድ ቤት ነው። የመጀመሪያ ኮዴን የጻፍኩባት ላፕቶፕ ስንት እንጀራ እንደሆነች እማዬ በቃሏ ታውቃለች። ስለዚህ «ጭስ ይገድላል፣ ተይው» ብሎ መናገር ለእኔ ቀላል አይደለም። በጭሱ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ጭሱን ልነቅፍ ስመጣ «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» መምሰሉ አይቀርም።

ሌላም ነገር አለ። እኛ ጭስን እንወደዋለን። ቡና ያለ እጣን ምን ቡና ነው? የጠላ ጋን፣ የወተት ዕቃ ሳይታጠን ይጣፍጣል? ከሩቅ ጭስ የሚታይበት ቤት ሰው ያለበት፣ የሚበላ ያለበት ቤት ነው። የእማዬ ነጠላ የሚሸተኝ ሽታ እንጨትና እጣን ነው፤ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ዕቃ ስትልክልኝ ካርቶኑን ስከፍት መጀመሪያ የሚደርሰኝ ሽታው ነበር። ጠላት ብዬ ልፈርጀው የመጣሁት ይሄንን ነው።

ኅዳር 12ን አስቡት። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ፣ ዓለም «የስፔን ኢንፍሉዌንዛ» ያለው፣ አዲስ አበባን ሲያጠፋት ሰው የሚያደርገው አጣ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነው የዳኑት። ክትባት የለም፣ መድኃኒት የለም፤ ያለው እሳት ነው። ቆሻሻ ተጠርጎ ተቃጠለ፣ መጥፎውን አየር ጭስ ያባርረዋል ተባለ። «ኅዳር ሲታጠን» ከዚያ ጀምሮ እስካሁን አለ። ያኔ የተቃጠለው ቅጠል፣ ገለባ፣ አሮጌ ጨርቅ ነበር። ዛሬ የሚቃጠለው ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ አንዳንዴም የመኪና ጎማ ነው። የዚያን ቀን ማታ ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ከተማዋን ያየ ሰው የሚያየው ግራጫ ጉም ብቻ ነው። አያቶቻችን መጥፎውን አየር በጭስ ተዋጉት፤ ለእኛ ደግሞ መጥፎው አየር ጭሱ ራሱ ሆነ።

*

የእኔ ሙያ አንድ ልማድ አስተምሮኛል። ሲስተም ሲበላሽ መጀመሪያ ሎግ ታያለህ። ሎግ ከሌለ ሎግ ታስገባለህ። ያልተመዘገበን ነገር ማስተካከል ጨለማ ውስጥ መርፌ መፈለግ ነው። ስለዚህ አንድ ጓደኛዬ ከዱባይ ሲመጣ ትንሽ የአቧራ ሴንሰር አስመጣሁ። መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ሳጥን ናት። በውስጧ ትንሽ ማራገቢያ አየር ይስባል፣ አየሩ በሌዘር ብርሃን ፊት ያልፋል፣ ብናኞቹ ብርሃኑን ሲበትኑት አንድ ዳሳሽ ያንን ይቆጥርና ወደ ቁጥር ይቀይረዋል። እሷን ዋይፋይ ካላት አንዲት ርካሽ ቦርድ ጋር አገናኘኋት፣ በየደቂቃው ንባቧን ወደ ሰርቨሬ እንድትልክ ትንሽ ኮድ ጻፍኩ፣ ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ በእማዬ ፊት ቁመት ሰቀልኳት።

የምትለካው ፒኤም 2.5 የሚባለውን ነው። ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ብናኞች ማለት ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮሜትር ገደማ ነው ብላችሁ ብታስቡ፣ ወደ ሰላሳ የሚጠጉ ብናኞች ጎን ለጎን ተደርድረው አንድ ፀጉር አይሞሉም። ጉዳታቸውም ትንሽነታቸው ላይ ነው። አቧራ አፍንጫ ላይ ይቀራል፣ ጉሮሮ ላይ ይቀራል፣ በአክታ ይወጣል። እነዚህ ግን እስከ ሳንባ የመጨረሻ ከረጢቶች ይወርዳሉ፤ ከፊሎቹ ከዚያም አልፈው ደም ውስጥ ይገባሉ። የሚጎዳው ሳንባ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው። ልብ ድካም፣ ስትሮክ፣ የሳንባ ካንሰር፣ የሕፃናት የሳንባ ምች ሁሉም ከዚህ ጋር ይያያዛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በአየር ብክለት ሳቢያ ያለ ጊዜያቸው የሚሞቱትን በዓመት 7 ሚሊዮን ገደማ ይላቸዋል። ከእነሱ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ግምት፣ 3.2 ሚሊዮኑ የሞቱት በቤት ውስጥ ጭስ ነው። ከጎዳና ሳይሆን ከምድጃ ማለት ነው።

ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የዓመት አማካዩ በሜትር ኪዩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም፣ የ24 ሰዓቱ ደግሞ ከ15 እንዳይበልጥ ይመክራል። የእኔ ሴንሰር፣ አምራቹ እንደሚለው፣ በትክክል የምትለካው እስከ 500 ነው። እማዬ እሳት ባነደደች በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ንባቡ 500ን አልፎ ሄደ። ከዚያ በላይ ያለውን ቁጥር ማመን ስለማይቻል አልጽፍላችሁም። መለኪያው ራሱ አልቻለም፤ ይሄ ይበቃል።

አንድ ጥያቄ ግን ቀረ። እንጀራ ሲጋገር እንፋሎት አለ። እነዚህ ርካሽ ሴንሰሮች ደግሞ የውሃ ጠብታንና ጭስን በደንብ አይለዩም፤ ለሌዘሩ ሁለቱም ብርሃን የሚበትኑ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ሴንሰሯን የኤሌክትሪክ ምጣድ ወዳላት አክስቴ ቤት ወስጄ አንድ ሙሉ ጋገራ ለካሁ። አክምባሎው በተከፈተ ቁጥር ንባቡ ትንሽ ብድግ ይልና ወዲያው ይወርዳል። የእማዬ ማድ ቤት ግራፍ ግን አይወርድም። ተራራ ይሆንና እሳቱ ከጠፋም በኋላ ረጅም ሰዓት እዚያው ላይ ይቆያል። እንፋሎት አልነበረም።

ለእናንተም የሚጠቅም ነገር ልጨምር፤ ይህች ሴንሰር የማታያት ሌላ ገዳይ አለች። ካርቦን ሞኖክሳይድ። ቀለም የላትም፣ ሽታ የላትም፣ ብናኝም አይደለችም። በየጊዜው ብርድ ሲጠና «ከሰል ቤት ውስጥ አስገብተው የተኙ ሰዎች ሞተው ተገኙ» የሚለውን ዜና የምንሰማው በእሷ ነው። የከሰሉ ጭስ ጠፍቶ ፍም ብቻ ሲቀር «አሁን ምንም አያደርግም» ተብሎ የሚገባው ከሰል፣ ያኔም ጋዙን እያወጣ ነው። ማንም ቢላችሁ ከሰል አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ።

*

ከማድ ቤት ወጥተን ወደ ከተማው እንሂድ፤ ሎግ የማጣት ችግር እዚያም አለና።

ለዓመታት የአዲስ አበባን አየር ማንም በስልኩ ከፍቶ ማየት ከሚችልባቸው ቦታዎች ዋናው የአሜሪካ ኤምባሲ ነበር። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መለኪያ ተክሎ በየሰዓቱ ያወጣ ነበር። የከተማዋ ዓመታዊ አማካይ ከዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ብዙ እጥፍ እንደሆነ በቁጥር ካሳዩን አንዱ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 2025 ላይ የአሜሪካ መንግሥት በዓለም ዙሪያ ያሉ የኤምባሲዎቹን የአየር መረጃ ለሕዝብ ማውጣት አቆመ። በአንድ ሌላ አገር ውሳኔ የከተማችን ሎግ ተዘጋ ማለት ነው። በኮድ ቋንቋ ብንናገር፣ የራሳችንን ሲስተም በሰው ሰርቨር ላይ ነበር የምናየው።

የዚያ ፕሮግራም አጀማመር ራሱ የፕሮግራመር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ያለው ኤምባሲ ጣሪያው ላይ መለኪያ ተክሎ ቁጥሩን በየሰዓቱ በትዊተር ይለጥፍ ጀመር። ኮዱን የጻፈው ሰው ከ500 በላይ ለሚሆን ንባብ «በእብደት ደረጃ መጥፎ» የሚል ጽሑፍ አስገብቶ ነበር፤ መቼም አይደርስም ተብሎ ይሆናል። በኅዳር ወር፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ደረሰ። ጽሑፉ ለዓለም ሁሉ ተለጠፈ፤ ቶሎ ቢነሳም ዓለም አይቶት ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቻይና ራሷ ፒኤም 2.5 መለካትና ማሳወቅ ጀመረች፣ በ2013 የድርጊት ዕቅድ አወጣች፣ የድንጋይ ከሰል ማሞቂያዎችን ለወጠች፣ ፋብሪካዎችን ዘጋች ወይም አዛወረች። የቤጂንግ ዓመታዊ አማካይ በ2013 ከነበረበት 89.5 በ2021 ወደ 33 ወረደ። አሁንም ከመመሪያው በላይ ነው። ግን ስምንት ዓመት ነው የፈጀው፤ አንድ ልጅ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል የሚማርበት ዕድሜ።

የእኛ ከተማ ምክንያቶች ደግሞ የራሷ ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። አንድ ሞተር በአንድ ጊዜ የሚስበው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ አሮጌ ሞተር ናፍጣውን በቅጡ ሳያቃጥል ጥቁር አድርጎ ይተፋዋል። ኖዝሉ ያረጀ፣ ፊልትሮው የተደፈነ ሲሆን ደግሞ ዳገት ላይ ታዩታላችሁ። በዚያ ላይ በደረቁ ወራት፣ ጥርት ባለ ሌሊት፣ መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛው አየር ከታች፣ ሞቅ ያለው ከላይ ይሆንና ከተማዋን እንደ አክምባሎ ይከድናታል። ጠዋት ተማሪና ሠራተኛ በሚወጣበት ሰዓት የመኪናው፣ የምድጃው፣ የቆሻሻው ጭስ ሁሉ ከዚያ ክዳን ሥር ነው።

የተሠራ ነገር የለም ማለት ግን ውሸት ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2024 ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ፤ በዓለም እንዲህ ያደረገች የመጀመሪያዋ አገር ተባልን። ዛሬ ሰፈራችን ውስጥ ድምፅ የሌለው መኪና ከኋላ መጥቶ የሚያስደነግጠን ለዚህ ነው። ጥሩ ነው፤ ደስ ይለኛል።

ግን ይህን ሒሳብ ተመልከቱልኝ። አንድ የተለመደ የቤት መኪና ቻርጀር 7 ኪሎዋት ያህል ይስባል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል። ለአንድ መኪና የሚበቃ መስመር ሁለት ምጣድ ያነዳል። አገሪቱ ውስጥ ከአሥር ቤት ዘጠኙ ገደማ አሁንም በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ነው የሚያበስለው። መኪናው ጎዳና ላይ ስለሆነ ጭሱ ይታያል፣ ይወራበታል። የምጣዱ ጭስ ማድ ቤት ውስጥ ነው፤ የሚያየው የምትጋግረው ሴት ብቻ ናት።

*

«እማዬ፣ ኤሌክትሪክ ምጣድ እንግዛ» አልኳት።

«በየትኛው መብራት?»

ትክክል ናት። 3,500 ዋት በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፒር ገደማ ነው። አራት ቤት የሚጋራው አሮጌ መስመር ላይ ምጣድ ሲሰካ ብሬከሩ ይወርዳል፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ይጠፋል፣ ጸብ ይመጣል። ቢችልም ሒሳቡ አለ። የመብራት ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋም አብሮ የሚጨምር ነው። አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም እንደ አንድ ትልቅ ተጠቃሚ ይቆጠራል። የእማዬ ምጣድ የሁሉንም ሒሳብ ወደ ላይ ይገፋል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ ሲመረቅ ግቢያችን ውስጥ ቡና ተፈልቷል፤ እማዬም እልል ብላለች። ለግድቡ ቦንድ ገዝታለች። 5,150 ሜጋዋት። እኔ በዚያ ቀን ያሰብኩት ግን ከግድቡ እስከ ከተማ ስላለው መስመር ሳይሆን ከፖሉ እስከ ማድ ቤታችን ስላለችው ሃያ ሜትር ሽቦ ነው። በሥራዬም የማውቀው ነው። ሲስተሙ ሁሉ ተሠርቶ አልቆ፣ ተጠቃሚው ስልክ ላይ ካልደረሰ አልተሠራም።

ለንደንም በዚህ አልፋለች። ታኅሣሥ ወር ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1952፣ ከ5ኛው እስከ 9ኛው ቀን የቆየው ጭጋግ በመጀመሪያው ግምት 4,000፣ በኋላ ጥናቶች እስከ 12,000 ሰው ገደለ። ትልቁ ምንጭ ሕዝቡ ቤቱን የሚያሞቅበት የድንጋይ ከሰል ምድጃ ነበር። በ1956 የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ ታዲያ «አታንድዱ» ብሎ ብቻ አልተመለሰም፤ ጭስ በተከለከለበት አካባቢ ምድጃውን ለሚለውጥ ቤተሰብ የወጪውን አብዛኛ ክፍል የሚሸፍን ድጎማ አብሮ አመጣ። የክልከላ አዋጅ ማውጣት ብዙ ወጪ የለውም። ምድጃ መለወጥ ግን ገንዘብ ነው፤ ያ ገንዘብ ከማን ኪስ ይውጣ የሚለው ነው ዋናው ጥያቄ።

እኛ ግቢ ድጎማ አልመጣም። የመጣው ስብሰባ ነው። አንድ እሑድ ቡና ላይ አራቱም ቤት ተቀመጥን። ግራፉን በላፕቶፕ አሳየሁ፤ ማንም ብዙ ግድ አልሰጠውም። ያነጋገራቸው ሌላ ነገር ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እስከ ጠዋት አንድ ሰዓት ድረስ ማንም ከባድ ዕቃ አይሰካም። መስመሩ በዚያ ሰዓት ባዶ ነው። እማዬ ደግሞ የምትጋግረው በዚያው ሰዓት ነው። ኤሌክትሪሻን ጠርተን ከቆጣሪው እስከ ማድ ቤት ያለውን ሽቦ በወፍራም አስለወጥን፣ ለብቻው ብሬከር አስገባን። ወጪውን እኔ ቻልኩ። ለሒሳቡ ጸብ ደግሞ ሌላ ቦርድ ገጣጠምኩ፤ ምጣዱ የሚበላውን ኪሎዋት ሰዓት ለብቻ የምትቆጥር። በወር መጨረሻ ቁጥሩን በር ላይ እለጥፋለሁ፣ እማዬ የጨመረችውን ራሷ ትከፍላለች። የራሷ ቆጣሪ እንዲገባላትም አመልክተናል፤ ወረፋ ላይ ነን።

«መብራት ሲጠፋስ?» አለች እማዬ። ይሄም ጥያቄ ትክክል ነው፤ ሱቁ እንጀራውን የሚፈልገው መብራት ኖረም አልኖረም ነው። ለዚያ ቀን ምርጥ ምጣድ አስገባን። ከሲሚንቶ የሚሠራ፣ እሳቱን ዙሪያውን የሚዘጋ፣ እንጨቱን እስከ ግማሽ የሚቆጥብ ነው። ጭሱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ስለዚህ ጭስ ማውጫ ቧንቧ በጣሪያው አወጣንለት፣ ቆርቆሮውንም በሁለት በኩል ቀደን መስኮት አደረግን። የሁሉ ርካሹ መፍትሔ ያ መስኮት ነበር። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ እንጨቱን ከዝናብ ማስጠለል፤ እርጥብ እንጨት በእጅጉ ይጨሳል።

እማዬ በኤሌክትሪኩ አሁንም ትነጫነጫለች። «ጠርዙ ይደርቃል» ትላለች። «እሳቱን በእጄ አላዘውም» ትላለች። እዚህ ላይ አልከራከራትም። ሠላሳ ዓመት የሠራችበትን እጅ ይዛ ነው አዲስ ነገር የምትማረው። ሙያተኛ ናት፤ እኔም አዲስ ፍሬምወርክ ሲጫንብኝ እንዲሁ ነው የማጉረመርመው።

ሎጉ ላይ አሁን ሁለት ዓይነት ሌሊት ይታያል። መብራት ያለበት ሌሊት መስመሩ ትንሽ ትንሽ ጥርስ እያወጣ ዝቅ ብሎ ይሄዳል። መብራት የጠፋበት ሌሊት ተራራው ይመለሳል፤ ከድሮው አጠር ያለ ተራራ። የኤሌክትሪክ መቋረጥን በእናቱ ሳንባ በኩል የሚከታተል ሰው ሆኛለሁ ማለት ነው። ሳሏ አልጠፋም። ሐኪሟም እንደሚጠፋ ቃል አልገባችም፤ ሳንባ ሪስታርት የለውም። ዳገቷን ግን ባለፈው ወር አንድ ጊዜ ብቻ አርፋ ወጣች።

*

በዚህ መሃል አንድ ቀን እማዬ ግራፉን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። እስከዚያ ድረስ ጠይቃኝ አታውቅም። ዝም ብላ አየችና ጣቷን አንዱ ተራራ ላይ አደረገች። «ይሄ የኔ አይደለም» አለች። እውነቷን ነው፤ ከቀትር በኋላ ነው፣ በዚያ ሰዓት እሷ አትጋግርም። ከማዶ ያለችው ጎረቤታችን ናት። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ በእንጨት ትጋግራለች። ልጅቷ ገና ዓመት አልሞላትም። በቀትር መስመሩ ሥራ ስለሚበዛበት ለእሷ ምጣድ የሚሆን አምፒር የለም።

«የሕፃን ሳንባ ምን ያህላል?» አለችኝ እማዬ።

በእጄ አሳየኋት።

ማታ ጎረቤታችንን ጠርታ አነጋገረቻት። በሩን ገፋ አድርጌ ስገባ የሰማሁት መጨረሻውን ነው። «እትዬ፣ እርስዎስ እንቅልፍዎን መቼ ሊተኙ ነው?» ትላለች ልጅቷን እያባበለች። እማዬ ደግሞ፣ «ማክሰኞና ዓርብ ሊጥሽን አምጪልኝ ነው የምልሽ። ምጣዱ ግሎ ነው የሚያድረው፣ ለኔ ምን ጨመረብኝ? የመብራቱን እሱ ይቆጥርልሻል» አለችና በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች።

አሁን ማክሰኞና ዓርብ ሁለት ቡሃቃ ሊጥ ማድ ቤቱ ውስጥ ያድራል። የከሰአቱ ተራራ ከሎጉ ላይ ጠፍቷል። ሴንሰሯም ከማድ ቤታችን ወጥታለች፤ እማዬ «እኛ አይተናል» ብላ ወደ ቀጣዩ ግቢ ወስዳታለች። እዚያ ስድስት ቤት አለ፣ አንድ ቆጣሪ ነው፣ ማድ ቤቱም መስኮት የለውም።